ጋሽ ማንያዘዋል እና «ዘመዴ»

የደወለችልኝ ጎረቤታቸው አላለቀሰችም። «ሰብሊ፣ ጋሼ አርፈዋል። እማማ ፎቶውን አምጪልኝ ብለውሻል» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ፍሬም እየመታሁ ነበር። መዶሻውን የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ፎቶ አምጪ! ወይ ጉድ! በየካ ሚካኤል ዙሪያ ሰው ሲሞት ፎቶ አምጡ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ እኮ። ከሠርግ ፎቶ ላይ ቆርጠው፣ ከተጨማደደ መታወቂያ ላይ አጉልተው፣ ኮት የሌለውን ኮት አልብሰው፣ የሟቹን ፊት ድንኳን ውስጥ የሚያቆሙልን ጋሽ ማንያዘዋል ናቸው። የራሳቸው ግን የለም። ካሜራ ፊት ቆመው አይቻቸው አላውቅም። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶም ከአፍንጫ በታች ያለውን ማኅተሙ በልቶታል።

አሟሟታቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእናታቸው ጋር በሚኖሩባት ቤት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ግራ ጆሯቸውን በሁለት ጣት እንደያዙ ነው የሄዱት። ጋሼ ሲያስቡ ጆሯቸውን መያዝ ልማዳቸው ነበር። እናታቸው እማማ ተዋበችም «ልጄን ሐሳብ ገብቶታል» ብለው ጋቢ ደረቡላቸው፤ ብርድ ነበራ። እራት ቀርቦ ቢጠሩ ቢጠሩ አልሰማ ሲሉ ነው የታወቀው።

እኔ የፎቶ ቤቱ ፍሬም ሠሪ ነኝ። መስታወት እቆርጣለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ አፌ ደግሞ አያርፍም። ጋሼ ዝምተኛ ነበሩ። በዚያች ጠባብ ክፍል እኔ ሳወራ እሳቸው «እሺ» ሲሉ ዓመታት ሄዱ። አንዳንዴ ውሸት ጣል አድርጌ እየሰሙኝ መሆኑን እፈትናለሁ። «እሺ፣ ይሄኛው ግን ውሸት ነው» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

ወደ እኛ የመጡት ገጹን ይሠሩለት የነበረው ጋዜጣ ሲዘጋ ነው። ማክ ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ከታክሲ ሲወርዱ ትዝ ይለኛል። ወያላው «አባት፣ ሕፃኑን አሞታል እንዴ?» አላቸው። «ተኝቷል፣ አትጩህበት» ብለው መለሱለት። ሳቅ የለ፣ ፈገግታ የለ።

ማሽን ብቻውን ባዶ ግድግዳ ነው ይሉ ነበር፤ ቤት የሚያደርጉት ውስጡ የሚኖሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል። ማሽኑ እንዳያንቀላፋ የሚጠብቀው «ዘበኛው» ነው። ሁለት ቦታ የተቀመጠውን አንድ ዓይነት ፎቶ እያደነ የሚያወጣው «መንታ አዳኝ»። ከዚህ በፊት ኮፒ ያደረግሽውን ሁሉ ሳይረሳ የሚይዘው «ቂመኛው»። ከካሜራ ካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ ቆፍሮ የሚመልሰው ደግሞ «ቆፋሪው»። አንድ ሙሽራ ሚዜው የሠርጉን ፎቶ በሙሉ ከካርዱ ላይ አጥፍቶበት ሊያብድ ደርሶ መጣ። ጋሼ ቆፋሪውን ለቀቁበትና ሙሽራይቱ ከነቬሏ ብቅ ስትል «የጠፋ ነገር የለም፤ የተፋቀው አድራሻው ነው» አሉት። ይህችን አባባል ያልሰማ ደንበኛ የለም። እኔማ ሰልችታኝ ነበር።

ከሁሉም የምፈራው ግን «ዘመዴ» የሚሉትን ነው። ይሄ በኋላ ከተገዛው አዲሱ ማክ ጋር አብሮ የመጣ፣ ፊት የሚለይ ፕሮግራም ነው። የአንድ ሰው ፊት ታሳዪውና ስሙን ትጽፊለታለሽ። ከዚያ ያንን ሰው ከፎቶ ክምር ውስጥ ራሱ ይፈልጋል። ያገኘው ሲመስለው ፊቱን ቆርጦ ያቀርብና «ይሄ እገሌ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ነው ወይም አይደለም ትዪዋለሽ፤ ሌላ ሊፈልግ ይሄዳል።

ፎቶ ቤታችን ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የተከማቸ ኔጌቲቭ በየካርቶኑ ነበረው። ጋሼ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ከዚያ እያነሱ ስካን ያደርጉና ለዘመዴ ይሰጡታል። ለምን እንደሚለፉ አልገባኝም ነበር። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው። ማንነታቸው የማይታወቅ ፊቶች ስክሪኑን ሞልተው ሲደረደሩ ባርኔጣቸውን ያነሱና «እንዴት አደራችሁ» ይሏቸዋል።

«ጋሼ፣ ግማሾቹ እኮ ሞተዋል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዘመዴ ሞት አያውቅም። ለሱ ሁሉም አለ።»

በኢየሱስ ስም አልኩ በልቤ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ በሟርት አላምንም። ግን የእንጦጦ ጉም እስከ በራችን ድረስ ወርዶ መንገዱ ሲጠፋ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ እኔና ጋሼ ብቻችንን አይመስለኝም ነበር። ወሬዬን ሁሉ ትቼ መስታወት እቆርጣለሁ።

እትዬ አስካለ የሚባሉ የሰፈራችን ሴት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ታላቅ እህታቸው በዚያው ሰሞን ሞተው፣ የለቅሶውን ፎቶ የሠራነው እኛ ነን። ጋሼ አዲሱን ፎቶ ወደ ማሽኑ ሲያስገቡ ዘመዴ ቀደም አለና የእትዬ አስካለን ፊት አውጥቶ፣ ከሥሩ የሟች እህታቸውን ስም ጽፎ፣ «ናት?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ አስካለ ደግሞ ማንበብ ይችላሉ።

«እኔን ነው? እኔን ነው እንዴ?» አሉና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ጠራችኝ! ወይኔ፣ እህቴ ጠራችኝ!» እያሉ ወጡ።

በማግስቱ የሚካኤልን ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። ኧረ ይተዉ ብዬ ሳልደርስባቸው ኪቦርዱ ላይ ቸለሱት። ኪቦርዱ ማንም ሳይነካው አንዷን ፊደል ይደረድር ጀመር፤ ሀ ሀ ሀ ሀ እያለ ስክሪኑን ሞላው። «ይኸው ሳቀ! ጋኔኑ ሳቀብኝ!» እያሉ እንደ ልጅ ሮጡ። ጋሼ ኪቦርዱን ነቅለው ፀሐይ ላይ አሰጡት። እትዬ አስካለ በሕይወት አሉ፤ በቀደም እንኳ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጡ አይቻቸዋለሁ። ሰፈሩ ግን «የዚያ ቤት ማሽን ሰው ይጠራል» ማለት ጀመረ። ጉርድ ፎቶ ፈላጊው ሁሉ ቁልቁል ወደ መገናኛ ወረደ።

«ፕሮግራሙ ተሳሳተ እንጂ ሌላ ምን አለ?» ብዬ ተናደድኩ።

ጋሼ ጆሯቸውን ያዙ። «አልተሳሳተም። እህትማማቾች ናቸው። አንድ ፊት ለሁለት ተካፍለው ነው የመጡት።»

በዚያ ወሬ መሀል ነው አንዲት ወጣት የመጣችው። እናቷ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምታወርድ ሴት ነበረች። ዳገቱ ላይ ወድቃ ሞታ፣ አርባዋ ተቃርቧል። ልጅቷ የእናቷ ፎቶ የላትም፤ አንድም።

«ሰው ማሽናችሁ ሙት ይጠራል ይላል። እናቴን ይጥራልኝ» አለች።

ጋሼ ወንበር ሳቡላትና «እናትሽን ትመስያለሽ?» አሏት።

«ቁርጥ እሷን ነሽ ይሉኛል።»

የልጅቷን ፊት አንስተው ወደ ማሽኑ አስገቡ። ከሥሩ የሷን ሳይሆን የእናቷን ስም ጻፉና ዘመዴን ለቀቁት። ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ዋለ። ልጅቷ ከበሩ አልተነሳችም። በመጨረሻ ከአንድ ሠርግ ፎቶ ውስጥ አወጣት። ሙሽሮች እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከኋላቸው፣ መንገዱ ዳር፣ አንዲት ሴት ከነሸክሟ ጎብጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ካሜራው ታያለች። ልጅቷ እሪ አለች።

ጋሼ ምሳም አልበሉ። ሙሽሮቹን አነሱ፣ ጭራሮውን አንድ በአንድ ከጀርባዋ ፋቁት፣ ነጠላ አለበሷት። ልጅቷ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው።

«ሸክሙስ?»

«አወረድኩላት» አሏት ጋሼ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ «በሕያው ፊት ሙት መፈለግን ማን አስተማረዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። ዘመዴ ውስጥ የራሳቸው ፊት ነበር፤ ማክዋ በራሷ ትንሽ ካሜራ ያነሳችው፣ በስክሪኑ ብርሃን የነጣ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን ማንያዘዋል አይልም። «ሰይፉ» ይላል።

ሰይፉ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በደርግ ጊዜ ከቤት ወሰዱት፣ አልተመለሰም። እማማ ተዋበች ፍተሻውን ፈርተው የቤቱን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨምረውት ነበር። መንግሥት ተለውጦ የስንቱ አጽም ሲወጣ፣ በየቤቱ ድንኳን ሲጣል፣ የሰይፉ አልተገኘም። እማማ ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። አጽሙም የለ፣ ፎቶውም የለ፤ ከሁሉም የባሰው ደግሞ መልኩን ረሱት።

«ፊቱ ጠፋብኝ ትላለች» አሉኝ ጋሼ። «ምን አይቼ ላልቅስ ትላለች። አርጅታለች፣ ሰብሊ። ይህን እንባ ይዛ እንዳትሄድ ነው የምፈራው። የድሮ ሰፈራችን ሠርግና ክርስትና ሁሉ የተነሳው በዚህ ፎቶ ቤት ካሜራ ነው። ከአንዱ ሰው ጀርባ አይጠፋም።»

ለካ ያ ሁሉ ካርቶን የሚገለበጠው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ እኔም ኔጌቲቭ መጥረግ ጀመርኩ። ሳልጠየቅ።

አንድ ቅዳሜ እማማ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ቀጭን፣ ቀይ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ልጃቸውን እንጂ እኔን አያዩኝም። ምልክት ቢጤ የለውም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ትንሿ ጣቱ» አሉ ቶሎ ብለው። «ልጅ ሆኖ መዝጊያ ጨፈለቃት፤ ወጌሻው አጣሞ አሰራት። ይሄ ታናሹ እንዳይወድቅበት ሁልጊዜ ትከሻውን ይዞት ነበር የሚሄደው። ጣቶቹ ሲያርፉ እሷ ብቻ ወደ ላይ ትቀራለች።»

«እማዬ፣ ዘመዴ ፊት እንጂ ጣት አያውቅም» አሉ ጋሼ።

«እንግዲያ ምኑን ዘመድ ሆነ?» አሉ እማማ። ሳቅን።

መገናኛ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፋፍራ በጭቃ በምንዋኝበት ክረምት፣ ጋሼ አንድ ጠዋት «ተገኘ» አሉኝ። ዘልዬ ላቅፋቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። የቀበሩ እንጂ ያገኙ ሰው አይመስሉም ነበር። አጉልተው ያተሙትን ሰጡኝ። ፊትና አንገት ብቻ ነው፤ ከግራም ከቀኝም አጥብበው ቆርጠውታል። ወጣት፣ ትንሽ ያፈረ፣ ከንፈሩን ገጠም ያደረገ። ከፎቶው ቀና ብዬ እሳቸውን አየሁ።

«እንዴ! ቁርጥ እርስዎን!»

«ወንድሜ አይደል።»

ሙሉውን ፎቶ አሳዩኝ ብላቸው ስክሪኑን አጠፉት። ስክሪን ሲያጠፉብኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ከፋኝ፣ ግን ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። ፍሬሙን ከነበረኝ እንጨት ሁሉ መርጬ ሠራሁት።

የሰይፉ ለቅሶ እንዲህ ነበር። ፈረንሳይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የዕድሩ ድንኳን ተጣለ። ጉሙ ከላይ ወርዶ ድንኳኑ ውስጥ ገብቷል፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። አሮጊቶቹ ደረታቸውን እየመቱ «ሰይፉዬ፣ አንተ ሎጋው» ይላሉ። ጋሼ ከፎቶው አጠገብ ቆመው እጅ ይነሳሉ። ለቀስተኛው ፎቶውን ያያል፣ ጋሼን ያያል፣ «እግዜር ያጥናዎት» ሊል አፉን ይከፍትና ድምፁ ይጠፋዋል። እኔም ተራዬ ሲደርስ እንዲያ ሆንኩ። እጃቸው በረዶ ነበር። ልጽናና የሄድኩት በሕይወት ያለውን ሰው ይሁን የሞተውን ለጊዜው ጠፋኝ።

እማማ ተዋበች አለቀሱ። ያን ያህል ዘመን የታቆረ እንባ ሲወርድ አይቼ አላውቅም፣ ድጋሚ ባላይም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። «ሰይፉዬ» እያሉ ሲያለቅሱ የሚያዩት ፎቶውን አልነበረም። ማንያዘዋልን ነበር። ጋሼም አቀርቅረው ጆሯቸውን ይዘዋል።

ዓመት ሳይደፍን ያ ስልክ ተደወለልኝ።

መዶሻውን ጥዬ ማክዋ ወዳለችበት ክፍል ገባሁ። ጋሼ ትናንት ሲወጡ እንደተዋት ነች። ዘበኛው አላስተኛትም፤ ዘመዴ ተከፍቶ፣ ፊቶቹ ስክሪኑን ሞልተው ወደ በሩ ያያሉ። ሳላስበው «እንዴት አደራችሁ» አልኩ። ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

«ሰይፉ» የሚለውን ስም ከፈትኩ። መጀመሪያ ያ የነጣው፣ ዓይኑ የፈጠጠው ፊታቸው መጣ። ይህን ድንኳን ውስጥ አቁሜ ሰው ላስደነግጥ? ቀጥሎ የለቅሶው ፎቶ፣ ዋናው፣ ያልተቆረጠው። ዘመዴ ዛሬም ከሥሩ ይጠይቃል፦ ይሄ ሰይፉ ነው? ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ነውም፣ አይደለምም አላሉትም።

ሠርግ ነው። ሙሽሮች ከየካ ሚካኤል ደጅ ሲወጡ። ጠርዙ ላይ፣ ከሰዉ ኋላ፣ ያ ያፈረ ወጣት ቆሟል። ግራ ጆሮውን በሁለት ጣት ይዟል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርጠው የጣሉት ይህን ጆሮ የያዘውን የራሳቸውን እጅ ነው። የተለቀሰለት ፎቶ የሰይፉ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። እናታቸው እንዲያለቅሱ ብለው በቁማቸው የራሳቸውን ፊት ድንኳን ውስጥ አቁመው፣ አጠገቡ ቆመው እግዜር ያጥናዎት ተባሉ። ወይ ጋሼ! ወይ የኔ ጌታ! ደግሞ በሌላው በኩል ለምን ቆረጡት ብዬ አጎላሁት። ቀኝ ትከሻቸው ላይ እጅ አለ። ባለ እጁ ከፎቶው ውጭ ነው፤ ፎቶው አንጓው ላይ ያልቃል። ጣቶቹ ትከሻው ላይ አርፈዋል። ትንሿ ግን ወደ ላይ ቀርታለች።

ያ እጅ ከታየ እማማ ፊቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃሉ። ስለዚህ ቆረጡት። ያን ሁሉ ዓመት ፈልገው ያገኙት የሰይፉ ነገር ያ እጅ ብቻ ነበር።

ምን ልውሰድ? እሳቸው እንዳደረጉት ቆርጬ ብወስድ ምሥጢራቸው ይጠበቃል፤ እማማ ግን የሁለት ልጅ ለቅሶ በአንድ ፎቶ ሊያለቅሱ ነው፣ ያውቁታል። ሙሉውን ብወስድ ልጄ አታለለኝ ይላሉ። ጸለይኩ፣ መልስ አልመጣም። ምንም ሳልቆርጥ አተምኩት፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ ዳገቱን ወጣሁ።

እማማ ድንኳኑ ውስጥ አልነበሩም። ጓዳ፣ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሴቶቹ «አልቅሱ እንጂ እማማ፣ ይውጣልዎት» ቢሏቸው እንቢ ብለዋል። እኔን ሲያዩ ሁሉንም አስወጡ።

«ያንን ነው ያመጣሽው?» አሉኝ።

«የትኛውን እማማ?»

«ልጄን የማላውቅ መሰለሽ? ያን ዕለትም የማንያዘዋል መሆኑን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አለቀሱ?»

«ለፍቶ ለፍቶ አመጣልኝ፤ አይደለም ልበለው? እሱ ይረፍ ብዬ አለቀስኩ። ሰይፉዬ እላለሁ፣ ደረቴን እመታለሁ፣ ፊቱ ግን የዚህ የታናሹ ነው። በቁሙ አለቀስኩበት እኮ፣ ልጄ! እናት በልጇ ፎቶ በቁሙ ደረቷን ትመታለች? ይኸው ዓመት አልደፈነም። እኔ ነኝ የገደልኩት። አሁን ምን ዓይን አለኝና ነው የማለቅስለት?»

እንዲህ ያለ ነገር የለም ልላቸው ፈለግሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የተማርኩት ቃል ሁሉ አንድም አልመጣልኝ። ነጠላውን ፈታሁና ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት።

ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። መጀመሪያ ጆሮ የያዘውን እጅ በጣታቸው ነኩና «እህህ» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ትከሻው ሄደ። ቆመ። ተመልሶ ሄደ። ትንሿን ጣት አገኛት። ውጭ ሰው ሲያወራ ይሰማል። መዳፋቸውን ዘርግተው ያንን እጅ ሙሉ በሙሉ ሸፈኑት፣ እጅ በእጅ ላይ እንደሚጫን።

«ሰይፉዬ» አሉ፣ ጠጋ ብሎ ለተቀመጠ ሰው እንደሚነገር በቀስታ። «ይዘኸው ነበር ለካ። የገደልኩት እኔ አይደለሁማ። በል እንግዲህ፣ አትልቀቀው።»